ፍየል የበላችው ሁሉ

ፍየል የበላችው ሁሉ ለሰው ይሆናል የሚል ሰው ፍየል አርብቶ አያውቅም፤ ቢያንስ የመቐለን ፍየል አያውቃትም። የመቐለ ፍየል ካርቶን ትበላለች። የሲሚንቶ ከረጢት ትበላለች። ግንብ ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ሙጫው ሳይደርቅ፣ ጨረታውም ሳይከፈት ላጥ አድርጋ ትጨርሰዋለች። የበለስ ቅጠል ከነእሾሁ ስታመነዥክ ፊቷ ላይ ቅሬታ አይታይም። እንዲህ ያለችውን ፍጡር «ይህ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብሎ ማማከር ትርፉ ምን እንደሆነ አይገባኝም፤ መልሷ እንደሆነ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ያም ሆኖ ክረምት ገብቶ ከእንዳ ኢየሱስ ጋራ እስከ ጨለቆት መንገድ ያለው ምድር አረንጓዴ ሲለብስ፣ እሁድ ጠዋት የስፖርት ጫማ አጥልቆ የሚወጣው ከተሜ ሁሉ የፍየልን ሕግ መጥቀሱ አይቀርም። ዓመቱን ሙሉ ሰላጣ የሚያውቀው በሳህን ላይ ብቻ የነበረ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ቁጥቋጦ ስር ተንበርክኮ ቅጠል እያሸተተ «ይቺን ልጅ ሆነን እንበላት ነበር» ይላል። የትኛዋን? ይቺን። ስሟ ማን ነው? ዝም። ሆዱን የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ መቅመስ የለበትም።

አንዳንዱ ደግሞ ከፍየል ይልቅ ወፍ ያምናል። «ወፍ ከበላው መርዝ የለውም» ይላል በልበ ሙሉነት። ወፍ እኮ ሚጥሚጣ እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች! የሚጥሚጣን ማቃጠል የወፍ ምላስ አይሰማውም፤ ተክሉም ይህን የሚፈልገው ዘሩን ወስዳ ሩቅ እንድትጥልለት ነው። በወፍ ምስክርነት ቁርሱን የሚበላ ሰው በሚጥሚጣ ጀምሮ ይሞክረው።

ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ ጓደኛዬ ግን ሁለቱንም ንቆ የራሱን ሕግ አወጣ። የእሱ ሕግ የእሾህ ሕግ ይባላል። «ዘበኛ የሚቀጠረው ንብረት ያለበት ቤት ነው» አለ አንድ እሁድ፣ መንገዱ መሀል ቆሞ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳለ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ። «እሾህ ካለው ውስጡ የሚሰረቅ ነገር አለ ማለት ነው። የሚሰረቅ ነገር ካለ ደግሞ ይጣፍጣል።»

እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ብዙ ነበር። አጋም እሾሃም ናት፤ ፍሬዋ ጠቁሮ ሲበስል ግን ልጅ አዋቂውን ቁጥቋጦ ውስጥ ታስገባለች፣ ሸሚዝ ቀዳም ትልካለች። ቀጋ እሾሃም ናት፤ ቀይ ፍሬዋ ይበላል። አማርኛ ተናጋሪው ቁርቁራ የሚላት ገባም እንዲሁ፣ የደረቀ ፖም የሚመስል ጣዕም ያላት ትንሽ ክብ ፍሬ ትሰጣለች። ኮሽምን የቀመሰ ሰው ፊቱ እስኪጨማደድ ይኮመጥጠዋል፤ ቢሆንም አንድ ወደ አፉ ወርውሮ ሁለተኛ ይለቅማል። በለስንማ ማን ይረሳል? እሾህ ከለበሱት የመጀመሪያዋ ናት።

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ የቀጋዋን አበባ ፎቶ አነሳ። ዕፅዋት ለይቶ የሚናገር መተግበሪያ ጭኗል። ስልኩ ትንሽ አሰበና «ጽጌረዳ» አለ። ጓደኛዬ ሳቀ፤ ስልኩ ተሳሳተ ብሎ ነው። ስልኩ ግን አልተሳሳተም። ቀጋ ሀገር በቀል ጽጌረዳችን ናት፤ በሠርግ ቀን በብዙ ብር ከምትገዛው ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዷ ከተማ ገብታ ፍሬ ማፍራቱን ተወች፣ አንዷ ገደል ላይ ቀርታ እረኛ ታበላለች።

የእሾህ ሕግ ዕድሜው ከዚያ ኮረብታ ግርጌ አላለፈም። መንገድ ዳር እምቧይ አገኘን። ትንሽ ቲማቲም የመሰለች፣ ቢጫ፣ የምታብረቀርቅ ፍሬ፣ ግንዷም ቅጠሏም እሾህ። ከቲማቲም ጋርም በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። መምህሩ በራሱ ሕግ መሠረት ሊቀምሳት እጁን ዘረጋ። ከኋላችን አህያ የሚነዳ ልጅ ነበር፤ ሮጦ መጥቶ እምቧዩን ከእጁ መነተፈውና እንደ ኳስ ለጋው። «መርዝ እኮ ናት!» አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ አድርጎ፣ «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለኝ። ከመቐለ ነው ብለን መናገር ከበደን፤ መቐለ ከቆምንበት ትታይ ነበርና።

እሾህ ሲወድቅ ወተት ተነሳ። ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል አይበላም የሚል ሕግ አለ፤ ይህኛው ቢያንስ ቁም ነገር አለው። ቁልቋልን ከበለስ የሚለየውም ይኸው ነው። ሁለቱ እሾሃምና ወፍራም ስለሆኑ ከሌላ ሀገር የመጣ እንግዳ ያምታታቸዋል። ቁልቋል የሀገሬው ሰው ነው፤ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ሽቅብ አድርጎ ይቆማል፣ ሲቆረጥ ወተት ያፈሳል፣ ወተቱ ቆዳ ይለበልባል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለዕውርነት ያሰጋል። በለስ ጠፍጣፋ ናት፤ ብትቆርጧት የምታወጣው ንፍጥ መሰል ውሃ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ዓይን ያድናል።

ነገር ግን ሾላም ሲሰበር ወተት ያወጣል፣ ፍሬው ግን ይበላል። እንዲያውም ሾላን ላለመብላት ሌላ ምክንያት አለ፦ ከፍተው ያዩት እንደሆነ ውስጡ በጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ ነው። «ሾላ በድፍን» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። አጋምም ጥሬ ፍሬዋ ሲቆረጥ ወተት አላት። አጋምን ካነሳን፣ «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ዘላለም ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ተረት የዕፅዋት ትምህርት ነው። የአጋም እሾህ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ቁልቋሉ ወተቱን ያፈሳል። ተረተኛው ግን የቁልቋልን ለቅሶ ብቻ ነው የቆጠረው፤ አጋምም ብትቀጠፍ እንባዋ ነጭ ነው። የእሷን ወገን የጠየቀ የለም።

ወደ በለስ ልመለስ፤ መቐለ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ሜዳ ምግብ እያወሩ በለስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ነውር ነው።

በለስ የሜክሲኮ ልጅ ናት። ትግራይ የደረሰችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ አጋመ አመጧት ይባላል። ሜክሲኮዎች በሰንደቅ ዓላማቸው መሀል ንስር አስቀምጠውባታል። እኛ ዘንድ ሰንደቅ ላይ ባትወጣም አጥር ሆናለች፣ የአፈር መከላከያ ሆናለች፣ የከብት መኖ ሆናለች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ምሳ ሆናለች። ከዓዲግራት፣ ከጉሎመኸዳ፣ ከኢሮብ በኩል በጭነት ትመጣና መቐለ ላይ በባልዲ፣ በሳፋና በእጅ ጋሪ ትበተናለች። ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ያለች ሻጭ በቢላዋ ስትልጥ መመልከት ራሱን የቻለ ትርዒት ነው፦ ሁለቱን ጫፍ ቀንጠስ፣ ወገቧን ሸንተር፣ ልጣጩን ገለጥ፤ ፍሬዋን ገዢው ራሱ በሁለት ጣት ያነሳታል። ሻጯ ፍሬውን አትነካውም። የምግብ ንጽሕና ሠልጣኞች ከዚህች ሴት ብዙ መማር ይችላሉ።

በበለስ ጋሪ ፊት ማዕረግ የለም። ክራቫት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ተማሪ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ፣ ጭማቂው ልብሱን እንዳይነካው አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ ይበላል። መልካም አስተዳደር ላይ ስብሰባ የሚመራ ሰው እዚህ ላይ በደንብ ይፈተናል፤ ክፍያው በበላው ቁጥር ነውና። «ስንት በላህ?» ስትለው ኮርኒስ የሌለበት ሰማይ ላይ አንጋጦ ያስባል። ያሰበውን ያህል አስቦ የሚጠራው ቁጥር ሁልጊዜ ከበላው ያንሳል። ሻጯ አትከራከርም። ዝቅ ብላ ልጣጩን መቁጠር ትጀምራለች። ኦዲት ማለት ይህ ነው! አንዳንድ ብልጥ ልጣጩን በጫማው ጫፍ ወደ ጎረቤቱ እግር ይገፋል፤ ጎረቤቱም ይህን ስለሚያውቅ መልሶ ይገፋዋል። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ቆመው፣ ስለ አየር ሁኔታ እያወሩ፣ ከወገባቸው በታች በልጣጭ እግር ኳስ ሲጫወቱ አይቻለሁ።

በለስ መልቀም ግን የከተሜ ሥራ አይደለም። ትልቁ እሾህ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ እሱ እንኳ ጨዋ ነው፤ ይታያል። አደገኛው በፍሬዋ ላይ በትንንሽ ክምር የተቀመጠው፣ ከጸጉር የቀጠነው ደቃቅ እሾህ ነው። ነፋስ ይዞት ይበራል። ለዚህ ነው ለቃሚዎቹ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ የሚወጡት፤ ነፋሱም ከጀርባቸው እንዲሆን ይቆማሉ። ፍሬውን በረዥም እንጨት ጫፍ ያወርዱታል፣ መሬት ላይ በቅጠል እያገላበጡ ይጠርጉታል። ይህን ሁሉ ሳያውቅ በባዶ እጁ ቀጥፎ ኪሱ የከተተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ወረንጦ ይዞ ብርሃን ፍለጋ ይዞራል። ኪሱን ያጠበችለት ሚስትም እንዲሁ።

ሌላም አለ፤ በጨዋ ደንብ ልናገረው። የበለስ ዘር ጠጣር ነው፤ ያለ ልክ የተበላ እንደሆነ ሆድ ውስጥ ተጋግሮ መውጫውን ይዘጋል። በበለስ ወቅት ሐኪም ቤት የሚመጡ ልጆች «ምን በላህ?» ሲባሉ ዝም ይላሉ፤ የትግራይ ሐኪም መልሱን ከወሩ ስም ያውቀዋል።

ሜክሲኮዎች ለጋውን የበለስ ቅጠል እሾሁን ልጠው፣ ከትፈው፣ እንደ ጎመን ቀቅለውም ጠብሰውም ይበሉታል። መምህሩ ይህን ያነበበ ዕለት ግቢያችን ላሉት አደይ አመጣላቸው። አደይ የግቢው እናት ናቸው፤ አንድ ላም አላቸው። ቅጠሉን አገላብጠው አዩት፣ እሱንም አገላብጠው አዩት። «እሺ ወደይ፣ እኔ ይህን ልሥራልህ» አሉት፤ «ላሜስ ምን ትብላ? ሽሮ ላቅርብላት?» ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

በለስ ጠላትም አግኝታለች፤ ይህኛው አያስቅም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ወደ ደቡብ ትግራይ ገባች። ሆን ተብሎ ነው የገባችው፤ ደርቃ ስትፈጭ የሚያምር ቀይ ማቅለሚያ ትሆናለች፣ እሱም ለከንፈር ቀለምና ለጣፋጭ ምግቦች ይፈለጋል። ለውጭ ገበያ ይሸጣል የተባለው ነገር እንደታሰበው አልሄደም፤ ነፍሳቷ ግን ቀረች። በመኾኒና በራያ በኩል ስንቱን የበለስ ጫካ አድርቃ ጨርሳለች። ቅጠሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ በጣት ስትጫኑት ደም ይመስላል። የሩቅ ሀገር ከንፈር ይቅላ ተብሎ የራያ እረኛ ምሳ ሄደ።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ተራው የሳማ ነው። ሳማን ለይቶ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻም፣ በጨለማ እንኳ በቁምጣ ማለፍ ይበቃል። የሚለበልበው ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው ጸጉር ነው፤ ጸጉሩ በቀላሉ ይሰበርና እንደ መርፌ ቆዳ ውስጥ ይወጋል። እሳት ሲነካው ግን ያ ሁሉ ጀግንነቱ ያልቃል። ለጋ ጫፉን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይዞ መቅጠፍ፣ በደንብ መቀቀል፣ መፍጨት፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዱቄት ጨምሮ ማንተክተክ፤ የሳማ ወጥ ይኸው ነው። በገዳም ያሉ አባቶች ዘመናቸውን የኖሩበት ነው። አደይ ይሠሩታል፣ ያውም አሳምረው። የበለስ ቅጠል አልሠራም ያሉት እኚያው ሴት ሳማ ሲቀጥፉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ይህን ያነሳሁባቸው ጊዜ «ሳማ እናቴ ሠርታ አብልታኛለች» አሉ። ክርክሩ አለቀ፤ እኔም ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ የመቐለ ሴቶች ልጆች አሸንዳ የሚባለውን ረዥም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ከሜዳ የሚመጣ፣ ማንም ይበላል ብሎ ያልተከራከረበት ሣር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ዕፅዋትን እንደ ሊቅ የለየ ሰው ትግራይ ኖሮ ያውቃል። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ1837 እ.ኤ.አ. መጣና ዓድዋን ቤቱ አደረገ። ቅጠል ይለቅማል፣ ያደርቃል፣ ወደ አውሮፓ ይልካል። የጊዜው የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ እንትጮ ላይ ሾሙት። ዕፅዋት አጥንቶ ወረዳ የተሾመ ሰው ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ቢያንስ መኪና ቢሰጣቸው። ሺምፐር በመቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን ጋር ታስሮ በ1868 ተፈትቷል፤ በ1878 ዓድዋ ውስጥ ሞተ። ስሙ በላቲን ተጽፎ በብዙ የሀገራችን ተክሎች ላይ አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የዘረዘረው ታላቅ ሥራ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ጥራዝ ተጠናቋል። መምህሩ ስምንቱንም ይዞ ኮረብታ እንዲወጣ መክሬው ነበር፤ ቢያንስ ከመቅመሱ በፊት ይደክመው ነበር።

ሜዳ ላይ ግን የተሻለው መጽሐፍ በሁለት እግሩ የሚሄደው ነው። ጨለቆት መንገድ ላይ አንዲት እረኛ ልጅ መሐረብ ሙሉ አጋም ሰጥታን እኛ ብስኩት ሰጠናት። ከመስጠቷ በፊት ራሷ ሁለት ሦስት ቃመች፤ ቀይ የነበሩትን ለይታ ጣለች፣ ጥቁሮቹን ብቻ አስቀረች። ስንለያይ ጓደኛዋን ጠርታ ብስኩቱን እያሳየች ስትስቅ ሰማናት። ለሜዳ አጋም ብስኩት የሚከፍል ሞኝ አገኘሁ ማለቷ ነው። መምህሩ ደግሞ መቐለ ገብተን እስከ ሓውልቲ ድረስ «በብስኩት ይህን ሁሉ አጋም!» እያለ ይስቅ ነበር። ሁለቱም ወገን ሌላውን ያታለለ የሚመስለው እንዲህ ያለ ንግድ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሞኝነቱ ግን የኛ ነው የሚመስለኝ። ሱፐርማርኬት ገብተን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ስንት ወር በማቀዝቀዣ የቆየ ፖም በኪሎ እንገዛለን፤ በሩ ላይ የተቀመጡትን የገባ ሻጭ እናት «የእረኛ ምግብ» ብለን እናልፋቸዋለን። ልጆቻችን ገባን በስም አያውቋትም። በሀብታም ሀገሮች ከተሜው ገንዘብ ከፍሎ፣ መሪ ቀጥሮ፣ ቅርጫት ይዞ የሜዳ ቅጠል ለቀማ ይማራል። እኛ በነጻ የነበረንን ትምህርት የድህነት ምልክት ነው ብለን ደበቅነው።

ደብቀነው ደግሞ ያስፈለገን ጊዜ መጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የሆነውን የእናቶቻችን ትውልድ ያውቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጦርነት ደግሞ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ደመወዝ ቀርቶ የመቐለ ሰው ራሱ አየው። ቅጠል ቀቅሎ የበላ ሰው ነበረ። በዚያ ጊዜ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ የሚያውቁት እነዚያው አረጋውያን እናቶች ነበሩ፤ በለሱም ክረምቱን፣ አዝመራ እስኪደርስ ያለውን ክፉ ወር፣ ለብዙ ቤት አሻገረ። ስለዚያ ጊዜ አደይ ብዙ አያወሩም፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

መቐለ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ እናት ወይም አያት ካሉ፣ በዚህ ክረምት እሁድ ጠዋት ይዛችኋቸው ውጡ፣ ልጆቻችሁንም አስከትሉ። ስልኩን ፎቶ አንሱበት፣ ስሙን ግን ከእሳቸው አፍ ጻፉ፤ የቱ ክፍል እንደሚበላ፣ በየትኛው ወር፣ ጥሬውን ወይስ ተቀቅሎ፣ አብሮ ይጻፍ። ጥቁር አውጥን ብታገኙ ልጆች የሚበሉት ሲጠቁር ነው፤ አረንጓዴው ይመርዛል። ቆሻሻ መጣያና ፍርስራሽ አካባቢ የሚበቅለው፣ አበባው ጡሩምባ የሚመስለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነው አስተናግር ነው፤ እሱ ሰውን ያቃዣል፣ ይገድላልም፣ ልጆች ከአጠገቡ ይራቁ። እናትም አያትም ከሌሏችሁ እረኛ ጠይቁ፤ እረኛው ራሱ ቀድሞ ካልበላው አትቅመሱ። እረኛም ካላገኛችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ፤ ገባ እንደሆነ ገበያ ላይ በጣሳ ይሸጣል።